ስለ ሠራተኞች ማኅበርና ስለ ድምፅ አሰጣጥ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ንባብ ለሚያውቁ የአገር ሽማግሎች

ክፍል 1፤ የትምህርቱ ምክንያት

ሐዋሳ ከተማ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት። በዚህች ከተማ ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ታላቅ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ ተከፈተ። በውስጡ 52 የፋብሪካ አዳራሾች ተሠርተውበታል፤ በእነዚህም አዳራሾች ልዩ ልዩ ልብስ እየተሰፋ ወደ ውጭ አገር ሲላክ ቈይቷል። በስፌቱ ሥራ ከተሰማሩት ሰዎች የሚበዙት ከሲዳማ ወረዳዎችና ከአጎራባች አገሮች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። እነዚህም ከጥቂት ዓመት በፊት በመንደር ትምህርት ቤት ፊደል ሲቈጥሩ የነበሩ ልጆች ናቸው።

ልጅቱ ከመንደሯ ወጥታ ከተማ በገባች ጊዜ ሦስት አዳዲስ ነገሮች ይገጥሟታል። አንደኛው በወር የሚከፈል ደመወዝ ነው። ሁለተኛው የሠራተኞች ማኅበር ነው። ሦስተኛው 18 ዓመት ከሞላት በኋላ የምትሰጠው ድምፅ ነው። ስለ ደመወዙ ወላጅም ዘመድም አስቀድሞ ይመክራታል፤ ስለ ማኅበሩና ስለ ድምፁ ግን የሚነግራት ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሳታውቅ የሄደች እንደ ሆነ ከሁለት ነገር አንዱ ይደርስባታል፤ ወይ የምርጫው ቀን ሳታስበው ያልፋታል፥ ወይም አለቃዋ ወይም ጎረቤቷ ያዘዛትን ሰው ትመርጣለች። ሁለቱም ጥፋት ነው። ስለዚህ የሠራተኞች ማኅበር አባሎቹን በምርጫ ጊዜ እስከ ምን ድረስ ሊረዳቸው እንደሚገባና ከየት ላይ ሊቆም እንደሚገባው በዚህ ትምህርት ይገለጻል።

ክፍል 2፤ ማኅበር ምን ማለት እንደ ሆነ

ሰው ሁሉ እድርን ያውቃል። ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳን የሚተክለው፥ ለቀስተኛውንም የሚያስተናግደው እድር ነው። አባሎቹ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ዳኛና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ ሒሳቡንም በየጊዜው ይሰማሉ። የሠራተኞች ማኅበርም በአሠራሩ እድርን ይመስላል። ልዩነቱ እድር የሚቆመው ለሐዘን ቀን ሲሆን የሠራተኞች ማኅበር የሚቆመው ለሥራ ቀን መሆኑ ነው። አንድ ሠራተኛ ብቻውን ገብቶ ደመወዝ ይጨመርልኝ ቢል ካልተስማማህ ልቀቅ ይባላል፤ ሁሉም ባንድነት ሆነው በወኪላቸው አፍ በተናገሩ ጊዜ ግን ቃላቸው ይሰማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውም ስለዚህ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሥርና ከአሥር በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ለማቋቋም ይፈቅዳል። ለማኅበሩም የሚሰጠው ሥራ የአባሎቹን መብት መጠበቅ፥ ከአሠሪው ጋር መደራደር፥ ሕግና ደንብ በአባሎቹ ዘንድ እንዲታወቅ ማድረግ፥ ሠራተኛን የሚመለከት ሕግ ሲወጣና ሲሻሻል አሳብ ማቅረብ ነው። የቀረውን ተግባር የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ይወስነዋል።

የሠራተኞች ማኅበርና የፖለቲካ ፓርቲ አንድ እንዳልሆኑ በዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል። ፓርቲ የሚተጋው የመንግሥቱን ሥልጣን ይዞ አገር ለማስተዳደር ነው። ማኅበር ግን የሚተጋው ሥልጣኑን ማንም ቢይዘው አባሎቹ እንዳይበደሉ ነው። ባንድ የስፌት መስመር ላይ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ሴቶች በፓርቲ አሳብ ሊለያዩ ይችላሉ፤ በደመወዛቸውና በሥራቸው ሰዓት ግን ጉዳያቸው አንድ ነው።

ክፍል 3፤ ምርጫ ሠራተኛን የሚነካበት ምክንያት

አንዳንድ ሰው፥ ሠራተኛ ሥራውን ይሥራ እንጂ ምርጫ ምን ያደርግለታል ይል ይሆናል። ለዚህ መልሱ በዚያው በሐዋሳ ይገኛል።

አንደኛ፤ በኢትዮጵያ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ሁሉ የሚሆን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሕግ ሳይቈረጥ ብዙ ዘመን አልፏል። በ2011 ዓ.ም. ስለ ሐዋሳው ፓርክ የወጣ ጥናት መነሻው ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደ ነበረ ገልጧል። በዚያው ዓመት የፓርኩ ሠራተኞች ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም አዝዟል፤ ነገር ግን ቦርዱን የሚያቋቁመው መንግሥት ነው፥ መንግሥቱን የሚያቆመው ደግሞ የሕዝብ ድምፅ ነው።

ሁለተኛ፤ በፓርኩ የተሰፋው ልብስ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው አጎዋ በተባለው ሕግ ነበር። በሰሜን ኢትዮጵያ በተነሣው ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ይህን ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ላይ አነሣች። ከዚያም ቀደም ብሎ በኅዳር ወር ፒ ቪ ኤች የተባለው ታላቅ የልብስ ኩባንያ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ብዙ ሴቶችም ከሥራ ወጡ። መርፌያቸውን በትጋት ይዘው የነበሩት ሴቶች ሥራቸውን ያጡት በእጃቸው ጥፋት ሳይሆን በመንግሥታት መካከል በሆነው ነገር ነው። እንግዲህ የመንግሥት ነገር ሠራተኛን አይነካም ማለት ትክክል አይደለም።

ክፍል 4፤ በኢትዮጵያ የሆነው ታሪክ

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕዝብ የመምረጥን መብት ሰጠ፤ ሰዎች ለሥራቸው ጉዳይ በሕግ መሠረት ማኅበር እንዲያቆሙም ፈቀደ። የመጀመሪያውም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ተደረገ። ነገር ግን በዚያን ዘመን የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ዕጩ ለመሆንም በምርጫው አውራጃ ውስጥ ንብረት ሊኖር ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ከደመወዙ በቀር ሌላ ሀብት የሌለው የፋብሪካ ሠራተኛ ድምፅ ሊሰጥ ይችል ነበር እንጂ ራሱ ሊመረጥ አይችልም ነበር።

በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች መካከል የተነሡት አቶ አብርሃም መኮንን ነበሩ፤ በኋላም አቶ በየነ ሰሎሞን መርተውታል። ይህ ማኅበር ከየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ አደረገ። በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሲናጋ ሠራተኞቹ ድምፃቸውን ካሰሙት ወገኖች አንዱ ሆኑ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን በያዘ ጊዜ ማኅበሩ መንግሥቱ የሕዝብ እንዲሆን ጠየቀ፤ መሪዎቹም ታሰሩ። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ተዘጋ፤ በ1969 ዓ.ም. የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተተካ።

ሠራተኛ ማኅበር በኢትዮጵያ ዕጩ እንዲያቀርብ በሕገ መንግሥት የተፈቀደለት በ1979 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የጸናው ሕገ መንግሥት ለብሔራዊ ሸንጎ ዕጩ የማቅረብን መብት ለኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ አካሎች፥ ለብዙኃን ማኅበራት፥ ለጦር ክፍሎችና በሕግ ለተፈቀደላቸው ሌሎች ወገኖች ሰጠ። በሰኔ ወርም 835 የሸንጎ አባሎች ተመረጡ። ወረቀቱን ብቻ ላነበበ ሰው ይህ ለሠራተኛ ታላቅ ክብር ይመስላል። ነገር ግን ፓርቲው አንድ ብቻ ነበር፤ ማኅበሩም በፓርቲው እጅ ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ ዕጩ ሲያቀርብ የአባሎቹን አሳብ ወደ መንግሥት የሚያደርስ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥትን አሳብ ወደ አባሎቹ የሚያወርድ ሆነ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1986 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በአዲስ ተቋቋመ። መሪዎቹም መንግሥት በያዘው የኢኮኖሚ ለውጥ ላይ ተቃውሞ አሰሙ፤ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ምዝገባው ተሰረዘ፤ እንደገና የቆመው በ1989 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት አደጋዎች ይታያሉ። አንደኛው ማኅበር ስለ አገር ጉዳይ በተናገረ ጊዜ መዘጋቱ ነው። ሁለተኛው ማኅበር በመንግሥት ተውጦ የራሱን ድምፅ ማጣቱ ነው። ሁለተኛው ከአንደኛው ይከፋል፤ የተዘጋ ማኅበር መዘጋቱ ይታወቃልና፥ የተዋጠው ግን በስሙ እየተጠራ አባሎቹን ያሳስታል።

ክፍል 5፤ በሌሎች አገሮች የሆነው

ሠራተኛ ማኅበራት ዕጩዎችን በግልጽ በመደገፍ ከታወቁት አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. የሠራተኛ ማኅበራት ከሌሎች ወገኖች ጋር ሆነው የሠራተኞችን እንደራሴዎች ወደ ምክር ቤት የሚያስገባ ኮሚቴ አቆሙ። በ1906 ዓ.ም. ምርጫም 29 ሰዎች አስገቡ፤ ይህም ኮሚቴ ሌበር የሚባለው ፓርቲ ሆነ።

ነገር ግን ከባቡር ሠራተኞች ማኅበር አባሎች አንዱ፥ ዋልተር ኦዝቦርን የተባለ ሰው፥ እኔ የማልደግፈውን ፓርቲ በማዋጣው ገንዘብ ልትረዱበት አይገባም ብሎ ማኅበሩን ከሰሰ። በ1909 ዓ.ም. የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለኦዝቦርን ፈረደ። ማኅበራቱም እጃቸው በመታሰሩ ተቸገሩ። በመጨረሻ በ1913 ዓ.ም. ሁለቱን ወገን የሚያስታርቅ ሕግ ወጣ። ማኅበር ለፖለቲካ ገንዘብ ለማውጣት ቢፈልግ አስቀድሞ አባሎቹ በድምፃቸው ይወስናሉ፤ ገንዘቡም ከሌላው ተለይቶ በራሱ ሣጥን ይቀመጣል፤ ለዚህ አላዋጣም የሚል አባል ቃሉን ጽፎ ሲሰጥ ይተውለታል፥ በዚህም ምክንያት ከማኅበሩ ጥቅም አይጓደልበትም።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። የእድር ገንዘብ ለቀብር የተዋጣ ስለ ሆነ ዳኛው ለሚወደው ሰው ድግስ ቢያወጣው አባሎቹ ሁሉ ይነሡበታል። የእንግሊዞቹም ሕግ ለሥራ ጉዳይ የተዋጣውን ገንዘብ ለሌላ ነገር ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማውጣት አይገባም ማለት ነው።

ሌላው ምሳሌ ከአፍሪካ ነው። በዛምቢያ የሠራተኛ ማኅበራቱ ኮንግረስ ሊቀ መንበር የነበሩት ፍሬዴሪክ ቺሉባ በ1991 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር በምርጫ አሸንፈው ርእሰ ብሔር ሆኑ። ማኅበራቱም በብርቱ ደግፈዋቸው ነበር። ነገር ግን መንግሥታቸው የመንግሥት ድርጅቶችን ለግል ባለ ሀብቶች በሸጠ ጊዜ ብዙ ሠራተኞች ከሥራቸው ወጡ። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት፥ ዕጩ የራስ ወገን ቢሆንም እንኳ ከተመረጠ በኋላ ማኅበሩ ጠያቂነቱን መተው እንደማይገባው ነው።

ክፍል 6፤ ሕግ ለሠራተኛው የሚሰጠው መብት

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 38 ደግሞ የመምረጥንና የመመረጥን መብት ይደነግጋል፤ 18 ዓመት የሞላው ዜጋ እንዲመርጥ፥ ድምፁም በምስጢር እንዲሰጥ ያዝዛል። ይኸው አንቀጽ ሰው በፈቃዱ የፖለቲካ ድርጅት ወይም የሠራተኞች ማኅበር አባል የመሆን መብት እንዳለው፥ በእነዚህም ድርጅቶች ውስጥ የኃላፊዎች ምርጫ ነጻ መሆን እንዳለበት ይጨምራል። ስለ አገር ምርጫና ስለ ማኅበር ምርጫ ባንድ አንቀጽ መነገሩን መምህሩ ለተማሪዎቹ ያሳያቸው። በማኅበሩ ውስጥ ሹሞቹን በነጻ መምረጥ ያልለመደ ሠራተኛ በአገሩ ምርጫ ነጻ ሊሆን ይቸግረዋልና።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ሦስት ጥበቃ ይሰጣል። አንደኛ፤ ሠራተኛ የዜግነት መብቱን ሲፈጽም ለዚያ ላዋለው ጊዜ ደመወዙ ሳይቀነስ ፈቃድ ይሰጠዋል። ሁለተኛ፤ የማኅበር አባል በመሆኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት ከሥራ ሊያስወጡት አይገባም። ሦስተኛ፤ በማኅበሩ ምርጫ ለእገሌ ድምፅ ስጥ ወይም አትስጥ ብሎ አሠሪው ሊያስገድደው አይችልም።

የመጀመሪያው ጥበቃ ቀላል እንዳይመስል። የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ የተደረገው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር፤ ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ የተደረገው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ሁለቱም ከሰንበት ውጪ የዋሉ ቀኖች ናቸው። በፈረቃ የሚሠራ ሰው ፈቃድ እንዳለው ካላወቀ ድምፁና የቀን ደመወዙ ይጣሉበታል፤ ድኻም ሰው ደመወዙን ይመርጣል።

ክፍል 7፤ ማኅበር አባሎቹን የሚረዳበት መንገድ

የሠራተኞች ማኅበር ማንንም ዕጩ ሳይደግፍ አባሎቹን በሚከተለው አኳኋን ሊረዳ ይችላል።

ሀ. መራጭ ለመሆን በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። ከገጠር መጥታ በኪራይ ቤት የምትኖር ሠራተኛ የቀበሌ መታወቂያዋን በጊዜው ካላወጣች በመንደሯም በከተማዋም ሳትመዘገብ ልትቀር ትችላለች። ማኅበሩ ይህን አስቀድሞ ይንገራት።

ለ. የምዝገባው ቀን ሲደርስ ማኅበሩ ቀኑንና ጣቢያውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤ ያልተመዘገቡትንም ያስታውሳቸው።

ሐ. ከአሠሪው ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ በምርጫው ቀን ፈረቃው እንዲከፋፈል፥ ሁሉም በተራ ሄዶ እንዲመርጥ ያድርግ።

መ. የሁሉንም ፓርቲዎች አሳብ ስለ ደመወዝ፥ ስለ ቤት ኪራይ፥ ስለ ሴቶች ደኅንነት ምን እንደሚሉ ጐን ለጐን አድርጎ ያንብብላቸው። ስለ ምርጫ በሰፊው ትምህርት ለመስጠት የሚሻ ድርጅት ግን ከብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ፈቃድ መቀበል አለበት።

ሠ. ስለ ምልክቶች ያስረዳ። በሕዝበ ውሳኔው ጊዜ ሲዳማ በራሱ ክልል ይሁን ለሚሉ ሰዎች ምልክቱ ሻፌታ ነበር፤ በነበረው ክልል ይቈይ ለሚሉት ደግሞ ጎጆ ነበር። 2 ሚሊዮን 280 ሺህ ያህል ሰው ተመዝግቦ ነበር፤ ማንበብ የማይችለውም ሰው ምልክቱን አይቶ ፈቃዱን ገልጧል። የምልክቱን ትርጉም መንገር መርዳት ነው፤ ይህን ምልክት አድርጊ ማለት ግን ማዘዝ ነው።

ረ. ዓይኑ የማያይ ወይም እጁ የማይታዘዝለት ሰው ረዳት ሲያስፈልገው ረዳቱን ራሱ ይምረጥ እንጂ ማኅበሩ አይምረጥለት።

ማኅበሩ አባሉን እስከ ምርጫ ጣቢያው ደጃፍ ድረስ ሊያደርሰው ይገባል፤ ወደ መጋረጃው ግን አባሉ ብቻውን ይገባል። ከዚያም ሲወጣ ማንን መረጥህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

ክፍል 8፤ ዕጩን ስለ መደገፍ

ማኅበር ከዚህ አልፎ ይህ ዕጩ ለሠራተኛ ይጠቅማል ብሎ ለመናገር ቢፈልግ አስቀድሞ የራሱን ደንብና የምርጫውን ሕግ ይመርምር፤ የሠራተኛው አዋጅ የማኅበርን ተግባር ሲቈጥር ዕጩን መደገፍን በስሙ አልጠራውምና። ሕጉ ቢፈቅድለትም እንኳ በሚከተሉት አራት ነገሮች ሊመዘን ይገባዋል።

አንደኛ፤ ውሳኔው የመሪዎቹ ብቻ ሳይሆን የአባሎቹ ይሁን፤ ጉባኤ ተጠርቶ በምስጢር ድምፅ ይወሰን። ሁለተኛ፤ ምክንያቱ በግልጽ ይነገር፤ ዕጩው ስለ ሠራተኛ ምን እንደ ሠራና ምን ቃል እንደ ገባ ይታወቅ እንጂ በዘሩ ወይም በዝምድናው አይደገፍ። ሦስተኛ፤ ለሥራ ጉዳይ የተዋጣ ገንዘብ ለምርጫ አይውጣ። አራተኛ፤ ያልተስማማው አባል እንደ ከሃዲ አይቈጠር፤ በታመመ ጊዜ ወይም ከሥራ በተባረረ ጊዜ ማኅበሩ እንደ ሌላው አባል ይቁምለት።

የሲዳማ ሽማግሎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲመረምሩ ተናጋሪውን ሁሉ በትዕግሥት እንደሚሰሙ የታወቀ ነው። ማኅበርም እንዲሁ ያልተስማማውን ሰው ቢሰማ አንድነቱ ይጠነክራል እንጂ አይላላም። በግድ የተሰበሰበ ድምፅ ለዕጩውም አይበጀውም፤ ሰዎቹ ወደው እንዳልመረጡት አያውቅምና፥ በኋላ በተነሡበት ጊዜ ይደነግጣል።

ክፍል 9፤ ለመምህሩ

መምህሩ ይህን ትምህርት በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራ ያሳይ። የክፍሉን አለቃ ለመምረጥ ሁለት ተማሪዎች ይቅረቡ። በክፍሉ ጥግ በነጠላ ወይም በጋቢ መጋረጃ ይጋረድ፤ ከመጋረጃውም በስተ ጀርባ አንድ እንስራ ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ባቄላና አንድ ሽንብራ ይሰጠው፤ ባቄላው ለአንደኛው ዕጩ፥ ሽንብራው ለሁለተኛው ዕጩ ይሁን። ተማሪው ብቻውን ገብቶ የወደደውን በእንስራው ውስጥ ይጣል፤ የቀረውን በኪሱ ይዞ ይውጣ፥ ለማንም አያሳይ።

ምርጫው ከመጀመሩ በፊት አንድ የተከበሩ የመንደር ሽማግሌ መጥተው ከሁለቱ ዕጩዎች አንዱን ምክንያታቸውን ነግረው ይደግፉ። ቈጠራው ከተፈጸመ በኋላ መምህሩ ተማሪዎቹን እንዲህ ብሎ ይጠይቃቸው፤ የሽማግሌው ምክር ጠቀማችሁን? ምክሩን ያልተቀበለ ሰው በዚህ ምክንያት ተጐዳን? ማን ምን እንደ ጣለ የሚያውቅ ሰው አለን? ከዚህም ተማሪዎቹ ምክር መስማትና ትእዛዝ መቀበል ሁለት ልዩ ልዩ ነገር መሆኑን ይረዳሉ። ነገ ወደ ሐዋሳም ሆነ ወደ ሌላ ከተማ ለሥራ የሚሄዱት ልጆች ይህን ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄዎች

1. የሠራተኞች ማኅበርና እድር በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. በ1950 ዓ.ም. የተደረገው ምርጫ ለፋብሪካ ሠራተኛ ያልተመቸው በምን ምክንያት ነው?
3. በ1979 ዓ.ም. የብዙኃን ማኅበራት ዕጩ እንዲያቀርቡ መፈቀዱ ሠራተኛውን ያልጠቀመው ለምንድር ነው?
4. ዋልተር ኦዝቦርን ማኅበሩን የከሰሰው ስለ ምን ነው? በመጨረሻስ ነገሩ እንዴት ታረቀ?
5. ከገጠር ወደ ከተማ የሄደች ሠራተኛ ድምፅ ለመስጠት አስቀድማ ምን ማዘጋጀት ይገባታል?
6. መርዳትና ማዘዝ በምን እንደሚለያዩ ከምርጫ ምልክቶች ምሳሌ ወስደህ አስረዳ።